አስራ አንደኛዋን ይዤ ሮቤ የሄድኩበት አምስት ቀን

መጀመሪያ ስለ ራሴ ላውራ፤ ሌላ ሰው በደንብ አያወራልኝም። ታደለ እባላለሁ፣ ኮልፌ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስፌት ያስተማረኝ የለም። አስራ ስድስት ዓመቴ ላይ የአጎቴን ሱሪ ፈትቼ መልሼ ገጠምኩት፣ አጎቴ ለብሶት ሰርግ ሄደ፣ ያወቀ ሰው አልነበረም። አንደኛው እግር ትንሽ አጥሮ ነበር፤ አጎቴም ትንሽ ያነክስ ስለነበር ተመጣጠነ። የሚለጠጥ ጨርቅ መስፋትንም ከቦንዳ የገዛሁትን የዋና ልብስ በምላጭ ፈትቼ ነው ራሴን ያስተማርኩት። እዚህ ከተማ የሪትሚክ ጂምናስቲክ ልብስ የሚሰፋ ማነው ብትሉ እኔ ነኝ። ሁለተኛውስ ብትሉ እሱም እኔ ነኝ።

ሪትሚክ ጂምናስቲክ ለማታውቁት፣ ሴቶች ምንጣፍ ላይ በሙዚቃ የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው። አንዴ በኳስ፣ አንዴ በቀለበት፣ አንዴ ደግሞ አጭር ዱላ ጫፍ ላይ በታሰረ ስድስት ሜትር ሪባን። ሪባኑ አየር ላይ መፃፍ አለበት፤ ከተቋጠረ ወይም መሬት ላይ ከተኛ ዳኞቹ ነጥብ ይቆርጣሉ።

ፎዚያን ከአስራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ከሮቤ መጥታ ከአክስቷ ከሞሚና ጋር ስትኖር የአክስቷ በር ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። ሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ጀመረች፣ አስራ አራት ዓመት ተወዳደረች፣ ሁሉንም ልብሷን እኔ ሰፋሁ። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ሄዳ የአፍሪካ ውድድር ላይ ቀረበች፤ ከአስራ ሁለት ሰው አስራ አንደኛ ወጣች። ከዛ ጉልበቷ እምቢ አላት። አሁን ህፃናት ታስተምራለች።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሞሚና፣ አላህ ይማራትና፣ ለወንድሟ ልጅህ እንዲህ ያለ ልብስ ለብሳ ትገለባበጣለች ብትለው በማግስቱ መጥቶ እንደሚወስዳት ታውቃለች። ስለዚህ ትሮጣለች አለችው። ባሌ ላይ ልጅህ ትሮጣለች ማለት ዶክተር ሆነች ከማለት አያንስም። አባትየው ደስ አለው፣ ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረ፤ ውሸቱም ከፎዚያ ጋር አብሮ አደገ። አምና ሞሚና ልትሞት ስትል ፎዚያን ጠርታ የሩጫውን ነገር አንቺው ንገሪው አለቻት። ፎዚያ ደግሞ ብቻዋን አልደፈረችም። ሱቄ መጥታ፣ ፀጉርዎ ሸብቷል፣ አባቴ እርስዎን ያምናል፣ ምስክር ይሁኑኝ አለች። እኔን ለምስክርነት። የምታውቁኝ ሰዎች እዚህ ጋ ሳቁና ቀጥሉ።

የመጀመሪያው ቀን

ጥር ውስጥ ነው፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ተገናኘን። ፎዚያ አንድ ትንሽ ሻንጣና እኔ የሰፋሁላትን ረጅም ቀጭን ከረጢት ይዛለች። ከረጢቱ ውስጥ ሪባኗና ዱላው አሉ፤ ዱላው ስድሳ ሳንቲ ሜትር፣ እንደ ሸንበቆ የቀለለ፣ ከውጭ የመጣ። ነገሩን ለአባቷ ስትነግረው ልታሳየው ነው። እኔ አንድ ትልቅ ሻንጣና አንድ ኮት። ሚስቴ ጋቢ ያዝ ብላኝ ነበር፤ ኮልፌም ይበርዳል፣ ብርድ ጓደኛዬ ነው አልኳት። ይሄን ቃሌን ያዙልኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሻንጣዬ ላይኛው መደርደሪያ አልገባ ሲለኝ የፎዚያን ከረጢት አውርጄ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩና ሻንጣዬን ገፍቼ አስገባሁ። ከዛ ደክሞኝ ተቀመጥኩ። ቀጭ አለ። መጀመሪያ ወገቤ መሰለኝ። ወገቤ ቢሆን በስንት ጣዕሙ። ፎዚያ ወርዳ ውሃ እየገዛች ነበር። ከረጢቱን ቶሎ ብዬ ኮቴ ስር ደበቅኩትና ስትመጣ፣ ይሄ እኔ ጋ ይሁን፣ እንዳይሰበር አልኳት። አመሰገነችኝ።

እስከ አዳማ ድረስ አልተናገርኩም። ይሄ ለኔ ሪከርድ ነው። ከአዳማ በኋላ ግን መንገዱ ወደ አርሲ ሽቅብ ሲወጣ አፌም አብሮ ተከፈተ። አሰላ ቁርስ በላን። እንቁላል ፍርፍሩ ኮልፌ ከሚሰጡን ሁለት እጥፍ ነው፣ ዳቦው እንደ ትራስ። አስተናጋጁ ፎዚያን አየት አድርጎ ሯጭ ነሽ አይደል አላት። እኔ ቀደምኩና፣ ሯጭ አይደለችም ወንድሜ፣ ጂምናስቲክ ናት፣ ከአፍሪካ ሶስተኛ የወጣች አልኩት። በቆጂ ሻይ ቤት ደግሞ አንድ ሽማግሌ እግሯን በአይናቸው ለክተው ስንት ሺህ ነው የምትሮጪው ሲሏት፣ ሁለተኛ አደረግኳት። በቆጂ ከፍ ያለ ቦታ ነዋ፤ ከፍታው ሲጨምር ደረጃዋም ይጨምራል።

አሳሳን እንዳለፍን የአውቶቡሱ ቺንጋ ተበጠሰ። ረዳቱ ከየት እንደሚያመጣ ሳይታወቅ ሶስት ሰዓት ሜዳ ላይ ቆምን። ሜዳ ስላችሁ የኛ ሰፈር ኳስ ሜዳ እንዳይመስላችሁ። ዓይን እስኪደክም ስንዴ ነው፤ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። አንድ ገበሬ ከነፈረሱ መጥቶ ምን ሆናችሁ አለን፣ ሄደ፣ ቆሎ በሳህን ይዞ ተመለሰና ለአውቶቡሱ ሰው ሁሉ አደለ። ኮልፌ መኪናህ ቢበላሽ ቆሎ የሚያመጣልህ የለም፤ የሚመጣው ጎማህን የሚያይ ነው።

ዶዶላ ስንደርስ ቀኑ መሽቷል፣ መኪናውም አልቀጥልም ብሏል። ያደርንበት ፔንሲዮን ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ ኮቴን አይተው በኦሮምኛ ለፎዚያ የሆነ ነገር አሏት፤ ፎዚያ ሳቀች። ምን አሉ ስላት፣ ይሄ ሰውዬ ለሰርግ ነው የመጣው ወይስ ለመሞት አሉ አለችኝ። ከዛ አንድ የሃይላንድ ላስቲክ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በሻሽ ጠቅልለው፣ እግርህ ስር አድርገው አሉኝ። ጋቢም ደረቡልኝ። ጓደኛዬ ያልኩት ብርድ ዶዶላ ላይ ካደኝ። ምስጋናዬን በምን ልግለፅ ብዬ ሳስብ፣ ይቺ ልጅ እኮ ከአፍሪካ አንደኛ ናት አልኳቸው።

እሳቸው እንደሄዱ ፎዚያ ተቆጣችኝ። ስትቆጣ አትጮህም፤ ድምጿ ይቀንሳል።

"ጋሽ ታደለ፣ አስራ አንደኛ ነው የወጣሁት። አስራ አንደኛ ለመውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ እርስዎ ያውቃሉ። ለምን ይቀሙኛል?"

እኔ የሰጠኋት ነበር የመሰለኝ።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት በሌላ መኪና ተሳፈርን። አዳባን አልፈን ዲንሾ አካባቢ ሹፌሩ ቀነሰ፤ ከመንገዱ ዳር ጭራውን ሽቅብ የቀሰረ ከርከሮ ከነልጆቹ ቆሞ ያየናል። ትንሽ ራቅ ብሎ ቀንዱ የተጠማዘዘ ኒያላ አለ። ተሳፋሪው ቀና ብሎ አላየም። እኔ ብቻ መስኮት ላይ ተለጥፌ ጮህኩ፤ አንድ እናት፣ ልጄ፣ ረጋ በል፣ ነገም አሉ አሉኝ።

ሮቤ በእኩለ ቀን ገባን። ባጃጁና የፈረስ ጋሪው አንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ፤ ፈረሱ ቀይ ጌጥ ግንባሩ ላይ አስሮ ባጃጁን በንቀት ያየዋል። የፎዚያ ቤተሰብ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሲናና በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ግቢው ውስጥ ትልቅ ሸራ ተዘርግቶ ስንዴ ፀሀይ ይመታል። አባቷ አቶ ከድር፣ ረጅም፣ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሸራው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዶሮ ይጠብቃሉ። አንዲት ዶሮ እግሯን ሸራው ላይ ካኖረች ከተቀመጡበት ጫማቸውን ይወረውራሉ፤ አይስቱም። ልጃቸውን ሲያዩ ተነስተው በአንድ እግር ጫማ መጡ። አልሀምዱሊላሂ ብቻ ነው ያሉት፤ ብዙ ጊዜ አሉት።

እናቷ አዴ ከዲጃ፤ አዴ ለእናቶች የክብር መጠሪያ ነው፤ ትንሽዬ ሴት፣ ፈጣን። ክርስቲያን መሆኔን አስበው ስጋ የሚባል አላቀረቡም፤ እንግዳው እንዳይጨነቅ። ጩምቦ ቀረበ። ጩምቦ ወፍራም ቂጣ ነው፣ መሀሉ ቅቤና አይብ ተሞልቶ። እኔ ከዳር ጀመርኩና እንደ ድፎ ዳቦ ዝም ብዬ ቆርሼ ስጎትት ቅቤው ክንዴ ድረስ ወረደ። ከመሀል ነው የሚጀመረው፣ አሉና አቶ ከድር እጄን ይዘው አሳዩኝ። አማርኛቸው ከኔ ይሻላል፤ አንዳንዴ ኦሮምኛ ጣል ያደርጉበታል እንጂ። ኛዹ፣ ኛዹ፣ ይላሉ፤ ብላ ማለት ነው። ይሄን ቃል ሶስት ቀን ሙሉ ሰማሁት።

ለመኝታም የቤቱን ምርጥ ክፍል፣ የራሳቸውን የአዴ ከዲጃን ክፍል ለቀቁልኝ። እምቢ ብል አይሰሙም።

ከምሳ በኋላ አቶ ከድር ስንዴያቸው ዳር አስቀመጡኝና ስለ ሩጫው አወሩኝ።  ሩጫ በተላለፈ ቁጥር ጎባ ያለ አንድ ወዳጃቸው ሱቅ ሄደው ቴሌቪዥን ያያሉ። ፊት ያሉትን አያዩም።

"ፊት ያሉትን ሰው ሁሉ ያያቸዋል" አሉኝ። "እኔ መጨረሻ መጨረሻውን ነው የማየው። አሸናፊዋ ስትገባ ሰዉ ይጨበጭብና ይወጣል። እኔ እቀመጣለሁ። ቴሌቪዥኑ ግን ያቋርጠዋል፣ የኋለኞቹ ሳይገቡ ወደ ማስታወቂያ ይሄዳል። ስሟን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንስ? ከኋላ ያለችውም ትሮጣለች።"

ፎዚያ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ፊቷን አየሁትና ያን ጩምቦ ሁሉ መልሼ ልሰጥ ነበር። ማታ ላይ ጠርታኝ፣ ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ጠዋት እነግረዋለሁ፣ ሪባኑን ያዘጋጁልኝ አለችኝ። እሺ አልኩ። ሪባኑ አለ። ዱላው ግን ሁለት ቦታ ነው።

ሶስተኛው ቀን

አቶ ከድር ጎባን ላሳይህ አሉ። ጎባ ከሮቤ በታክሲ ቅርብ ነው፣ ብርዱ ግን ከሮቤም ይብሳል። ያረጁ ትላልቅ ዛፎች፣ ጭጋግ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ሽሮ ሜዳን አስታወሰኝ፣ ሰዉን ቀንሳችሁለት። የቴሌቪዥኑ ባለሱቅ ጋር ወሰዱኝና ይሄ የልጄ ልብስ ሰፊ ነው ብለው አስተዋወቁኝ። ባለሱቁ፣ የሩጫ ቁምጣዋን ነው? አለኝ። አዎ ልል አፌ ተከፈተ፣ አይ ልልም ተከፈተ፤ ስለዚህ አስነጠስኩ። እሳቸው የሚቀመጡበት ወንበርም አለ፣ ከጥጉ። ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ ልትመጣ ትችላለች ስለሚሉ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። በክረምት ቴሌቪዥን ሲያዩ ያስላቸው ነበር፤ ባለሱቁ ነው የነገረኝ፤ እያሳላቸውም እስከ መጨረሻዋ ይቆያሉ አለ።

እኔ ገበያውን ዱላ ፍለጋ ዞርኩት። የሽማግሌ ከዘራ አለ፣ የፈረስ አለንጋ አለ፣ የመጥረጊያ እንጨት አለ። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ የለሰለሰ፣ የለም። ማር ገዛሁና ተመለስኩ።

እንግዲህ የሆነውን ልናገር። ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ገብቼ አልጋው ራስጌ ጥግ ላይ ሳይ፣ ቀጭን ዱላ ቆሟል። ትናንት አጠገቡ አድሬ አላየሁትም። ቀጥ ያለ፣ በእጅ ብዛት የወዛ፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸት። እግዜር ለታደለ ያስቀመጠው ዱላ ነው አልኩ። ትንሽ ረዘመ እንጂ፤ ወደ ትከሻዬ ይደርሳል። ርዝመት ለልብስ ሰፊ ምን ችግር ነው? ሪባኑን ጫፉ ላይ አሰርኩ፣ ሜትሬን አወጣሁ፣ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ለካሁ፣ በስፌት ጠመኔ ነጭ መስመር አሰመርኩበት። ከዛ በሩን ከፈት አድርጌ፣ እናት፣ መጋዝ ይኖራል? አልኩ።

እንግዳ ጠይቆ እምቢ አይባልም። አዴ ከዲጃ ከጎረቤት ሮጠው ተውሰው፣ መጋዙን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ዱላውን ጉልበቴ ላይ አስተኝቼ ተቀምጫለሁ።

አልጮሁም።  መጋዙን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። አስቀምጠው አሉኝ፤ ከእጄ አልተቀበሉኝም። አልጋው ላይ ሳስቀምጠው በሁለት መዳፋቸው አንስተው፣ ሪባኑ ከኋላቸው መሬት እየጠረገ ስድስት ሜትር ሙሉ ተከትሏቸው ወጡ።

ሲንቄ ይባላል። እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ዱላ ነው፤ አዴ ከዲጃ እናታቸው የሰጧቸው፣ አርባ ዓመት ያለፈው። የሴት ክብር ነው፣ ሁለት ሰው ሲጣላ ሴት ይዛው መሀል ከገባች ጠቡ ይቆማል። ወንድ አይነካውም። ወንድ የሚቆርጠውማ በዚህ አገር ተሰምቶ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ልሆን ነበር። ይሄን ሁሉ ፎዚያ ነገረችኝ፣ የተሰበረውንም ዱላ እያየች። ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ ከአውቶቡሱ ጀምሮ። አልተቆጣችኝም። ድምጿ ግን በጣም ቀንሶ ነበር። ነገ ሴቶቹ ይመጣሉ አለች።

አራተኛው ቀን

መጡ። ጠዋት ስነሳ ሰባት ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው ሲንቄያቸውን ይዘው፣ የግቢው በር ላይ ሳሩ ላይ ተቀምጠዋል። እነሱ ሳይታረቁ በዛ በር ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። ሽንት ቤቱ ከበሩ ውጭ ነው። ይሄንን ለማን ልንገር?

አቶ ከድር ጋ ሄጄ ያስታርቁኝ አልኳቸው። እዚህ ቤት አዛዥ እኔ ነኝ፣ በዚህ ነገር ግን አይደለሁም አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ መከሩኝ፤ እርጥብ ሳር በጥሰህ በሁለት እጅህ ያዝና ፊታቸው ቁም፣ ይቅርታ እንደዛ ነው የሚጠየቀው አሉ። ጥር ነው፣ ግቢው ደርቋል፣ በሩ ተዘግቷል። ዞር ዞር ስል ከጓሮ ውሃ የጠጣ አረንጓዴ ነገር አገኘሁና እፍኝ ሙሉ በጥሼ ሮጥኩ። ፊታቸው በርከክ ብዬ ዘረጋሁ።  ከዛ አንደኛዋ አፍንጫዋን ያዘች፣ ሌላዋ ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች። ነጭ ሽንኩርት ነው። የአዴ ከዲጃን ነጭ ሽንኩርት ነው የነቀልኩት።

ሳቁ ረድቶኛል። ግን አላበቃም። ትልቋ፣ አዴ ፈጡማ የሚባሉ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ዓይናቸው ያላለቀ ሴትዮ፣ የአዴ ከዲጃን ሲንቄ ጉልበታቸው ላይ አኑረው ሪባኑን ፈቱ። ቀይ ነው፤ እኔ ነኝ የቀመቀምኩት። በሜትሬ ለክቼ ያሰመርኩት ነጭ መስመርም አለ። ዱላውን ባለማወቅ ነካህ እሺ፣ አሉ። ይሄን ጨርቅ ግን ያሰርከው ለምንድነው? የማነው? ምን ሊሰራ ነው?

አቶ ከድር ከኋላዬ ቆመዋል። ፎዚያ ከእናቷ ጎን። ውሸት ሞልቶኛል፤ ሶስቱን ወዲያው አገኘሁ፣ አንደኛው በጣም ጥሩ ነበር። ልከፍት ስል ፎዚያን አየኋት። ዶዶላ ላይ ያለችኝ ትዝ አለኝ። አፌን ዘጋሁ። ነጭ ሽንኩርቴን አጥብቄ ያዝኩ።

ፎዚያ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች።

"የኔ ነው" አለች። ከዛ ዞራ አባቷን አየች። "አባ፣ እኔ ሮጬ አላውቅም።"

"አንድ ቀንም?" አሉ።

"አንድ ቀንም።"

ከዛ በኦሮምኛ ቀጠለች፣ ረጅም። የሞሚናን ስም ሰማሁ፣ የኔን ስም ሰማሁ። አቶ ከድር መሬት መሬቱን እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስታበቃ ወደ በሩ ሄዱ። ሴቶቹ ተያዩና መንገድ ለቀቁላቸው። ወደ ወንዙ ወረዱ።

ፎዚያ ማልቀስ ጀመረች። በሰው ፊት አዋረድኩት ትላለች፣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ለሰው ሲናገር። አዴ ፈጡማ ተዪው፣ ይመለሳል አሏት። እኔ የሚመለሱትስ ይመለሳሉ፣ ምን ይዘው ነው የሚለው አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ስንዴ ሸራው ላይ ዶሮዋ እንደልቧ ትበላለች፣ የሚወረውር የለም።

ሲመለሱ ዱላ ይዘዋል። ለኔ ነው አልኩ። ቀጭን፣ አሁን የተቆረጠ፣ ልጡን በቢላ እየላጡ ነው የሚመጡት፣ ነጭ ሆኗል። አጠገቤ ቆመው ስንት ነው አሉኝ። ምኑ አልኩ። ልኩ። ሜትሬን አውጥቼ ስድሳ ላይ በጠመኔ አሰመርኩላቸው። መጋዙን ይዘው ቆረጡት፣ ጫፉን በቢላ አለሰለሱት፣ ሪባኑን ከአዴ ፈጡማ ተቀብለው ራሳቸው አሰሩት። ቋጠሮው የፈረስ ቋጠሮ ነው፤ አይፈታም።

"ያኛው የእናትሽ ነው" አሏት። "ይሄ ያንቺ ነው። አሳዪኝ።"

ከዛ አካፋ አንስተው ስንዴውን ከሸራው ወደ ዳር መግፋት ጀመሩ። ሴቶቹም ተነሱ፣ በእጅ፣ በሻሽ፣ በመጥረጊያ። ዶሮዎቹ የሚሆነውን ማመን አቃታቸው። ፎዚያ ሸራውን በእርምጃ ለካች። የውድድር ምንጣፍ በየጎኑ አስራ ሶስት ሜትር ነው፤ ሸራው ስምንት ሆነ። ይበቃል አለች።

ረጅም ቀሚስ ከነሱሪው ለብሳለች፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ሙዚቃ የለም። ከሲናና በኩል አንድ ኮምባይነር ስንዴ እያጨደ ይጮሃል፤ እሱን ይዛ ጀመረች። እኔ ያን ሪባን ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አዳራሽ ውስጥ። አዳራሽ ውስጥ ነፋስ የለም። የባሌ ነፋስ ሪባኑን ከእጇ ሊቀማት ይታገላል፣ እሷ ትመልሰዋለች፣ ክብ ትሰራበታለች፣ እባብ ትሰራበታለች፣ ትወረውረውና ዞራ ትቀበለዋለች። መዝለል ያለባት ቦታ ላይ አልዘለለችም፤ ጉልበቷን አስባ ረገጥ አድርጋ አለፈችው። አንዴ ተቋጠረባት። ነጥብ ተቆረጠ አልኩ ለአቶ ከድር፤ ዝም በል አሉኝ። መጨረሻ ላይ ስትቆም ሪባኑ ቀስ ብሎ እግሯ ስር ወረደ። ማንም አላጨበጨበም፣ ያበቃ አልመሰላቸውም። ቀድማ እልል ያለችው አዴ ከዲጃ ናት።

አቶ ከድር አሰቡ አሰቡና የሯጭ አባት የሚጠይቀውን ጠየቁ። ስንተኛ ወጣሽ? አሉ።

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፤ ምስክሯ ነኝና፤ ዶዶላ ላይ አንደኛ ያደረግኳት ደግሞ እኔው ነኝ። ነጭ ሽንኩርቱን አየሁ።

"አስራ አንደኛ" አለች ፎዚያ።

"ከስንት?"

"ከአስራ ሁለት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስለዚህ ከኋላሽ አንዲት ነበረች።"

"አንዲት ነበረች አባ። ኳሷ አምልጧት ከምንጣፍ ወጣባት።"

"የማን ልጅ ናት?"

"ስሟን ረሳሁት። አረንጓዴ ለብሳ ነበር።"

አቶ ከድር ጎንበስ ብለው የተበተነ ስንዴ በመዳፋቸው ሰበሰቡ። "አባቷ አይቷት ይሆን?" አሉ።

እንጃ አባ አለች። ከዛ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላውቅም፤ እኔ በሩ ተከፍቶልኛል፣ የት እንደሮጥኩ ታውቃላችሁ።

ስመለስ ፍርዴ ተፈርዷል። ለያንዳንዳችሁ ቀሚስ እሰፋለሁ ብል አዴ ፈጡማ ቀሚስ አለን አሉ። ፎዚያ ክረምት ላይ ተመልሳ መጥታ ሁለት ወር ትቆያለች፣ የሚፈልጉትን የሰፈሩን ሴት ልጆች ታስተምራለች፤ ልብሳቸውን አንተ ትሰፋለህ፤ እስከ አንጓ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ሲታጠፉ ግን የማይቀደድ። አዲስ አበባ ውስጥ ይሄን የሚችል አንድ ሰው ነው ያለው አልኳቸው። ለሲንቄው ማደሻ ለጋ ቅቤ አመጣሁ፤ አዴ ከዲጃ ዱላቸውን ከላይ እስከ ታች ቀቡት። የጠመኔው መስመር ግን በደንብ አልለቀቀም። ይቅር፣ አሉኝ፣ ታደለ የሚባል እብድ እንደመጣ ያስታውሰኛል።

አምስተኛው ቀን

ፎዚያ ሳምንቱን ልትጨርስ ቀረች፣ እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። አዴ ከዲጃ ለሚስቴ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በጣሳ ሞልተው፣ ለኔ ደግሞ ጋቢ ሰጡኝ። አቶ ከድር በፈረስ ጋሪ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። መንገድ ላይ አንድ ጓደኛቸው ሯጯ ልጅህ መጣች አሉ አላቸው። ከጋሪው ወረዱ። ሯጭ አይደለችም፣ አሉና በከዘራቸው አየር ላይ ክብ እየሰሩ፣ እባብ እየሰሩ፣ አስረዱት። ሰውየው ከዘራው እንዳይመታው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይላል። አስራ አንደኛ ናት፣ አሉት። አንዲት ቀድማለች። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር።

መንገዱን ሁሉ፣ ዲንሾ፣ አዳባ፣ ዶዶላ፣ በቆጂ፣ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር አስራ አንደኛ አልኩ። እስከ አሰላ ድረስ አንድም ሰው አላደነቀኝም። ችግር የለውም።

ይሄን የምፅፈው ሱቄ ውስጥ ነው፣ ማሽኑ ላይ ተደግፌ። ከሮቤ የመጣ ልክ አለ፣ ስምንት ልጆች፤ የፎዚያ እጅ ፅሁፍ ነው። ሁሉም ቀይ። ትናንት አቶ ከድር ደወሉ። ዘጠነኛ ጨምርበት፣ አረንጓዴ ይሁን አሉኝ። የማን ነው፣ ልኳን ይላኩልኝ አልኳቸው።

"ልኳን አላውቅም" አሉ። "መጨረሻ የምትወጣዋ ትልበሰው። ማንኛዋም ልትሆን ትችላለች፣ ሰፋ አድርገህ ስፋው።"